ለገበሬ መጠይቅ ማበረታቻ ሲመርጡ፦ ብር በፖስታ፣ ቴሌብር፣ የሞባይል ካርድ ወይስ ዕቃ?

ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከሰንዳፋ ወይም ከዱከም ገበሬዎች በወረቀት መጠይቅ መረጃ ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ብር እንስጥ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «መቼ እንስጥ? በማንስ እጅ ይለፍ?» የሚለው ነው። ከመጠይቁ ጋር አብሮ የደረሰ ሃምሳ ብር የሚሠራውን ሥራ፣ «ሞልተው ሲመልሱ ሁለት መቶ ብር ይከፈልዎታል» የሚል ቃል አብዛኛውን ጊዜ አይሠራውም።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፖስታ የተላኩ መጠይቆች ላይ የተደረጉ 38 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና እንዳሳየው፣ ከመጠይቁ ጋር አብሮ የተላከ ጥሬ ገንዘብ የመላሾችን ቁጥር በአማካይ ከመቶ 19 ያህል ነጥብ ከፍ አድርጓል። አብሮ የተላከ ስጦታ ዕቃ 8 ነጥብ ያህል ጨምሯል። ከተመለሰ በኋላ እንደሚሰጥ ቃል የተገባ ነገር ግን፣ ገንዘብም ሆነ ዕቃ፣ የሚያስተማምን ለውጥ አላመጣም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ በአነስተኛ የግንባታ ሥራ ተቋራጮች ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ ምንም ካልተሰጣቸው ከመቶ 52፣ ሲመልሱ 50 ዶላር ቃል ከተገባላቸው 57፣ አንድ ዶላር በፖስታው ውስጥ ከገባላቸው ደግሞ 64 ያህሉ መልሰዋል። አምስት ዶላር በጥሬው የደረሳቸው 71 ደረሱ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ አገልግሎትም የገበሬውን ገቢና ወጪ በሚጠይቀው ረጅም ዓመታዊ ጥናቱ ላይ የ20 ዶላር የኤቲኤም ካርድ አስቀድሞ በመላክ ሞክሮ፣ በፖስታ የሚመለሰው መጠይቅ ጨምሮለታል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አስቀድሞ የተሰጠ ትንሽ ብር አክብሮት ነው፤ ሰው እምነት ተጥሎበት የተቀበለውን ብር ዝም ብሎ መብላት ይከብደዋል። ቃል የተገባ ክፍያ ግን የሥራ ዋጋ ነው። ዋጋ ደግሞ ይሰላል፤ ገበሬውም ያንን ሰዓት ከብቶቹ ዘንድ ቢያሳልፍ ይሻለዋል ወይ ብሎ ያሰላዋል። በዚያ ላይ በእነዚህ አካባቢዎች «ይከፈላችኋል» ተብሎ ሲጠበቅ የቀረ ነገር ያየ ገበሬ ብዙ ነው።

የፖስታ መንገዱን አስቀድመው ይወስኑ

የአሜሪካው ልምድ ፖስተኛ በየበሩ ስለሚያደርስ ነው የሚሠራው። የኛ ፖስታ የሚሠራው በሣጥን ቁጥር ነው፤ ገበሬው ደግሞ ሣጥን የለውም። ስለዚህ እዚህ «የፖስታ መጠይቅ» ማለት በታሸገ ፖስታ በሰው እጅ የሚደርስ፣ ገበሬው ቤቱ ሆኖ የሚሞላው፣ አሽጎ የሚመልሰው ወረቀት ማለት ነው። ማበረታቻው ሊያዋጣ የሚችለውም አድራሹ ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ወተት የሚሸጡ ገበሬዎችን ለማግኘት ከወተት መሰብሰቢያ የሚሻል ቦታ የለም። ጠዋትና ማታ ሰው ይመጣል፣ መዝጋቢው እያንዳንዱን በስም ያውቀዋል፣ የተቆለፈ የመመለሻ ሣጥን ማስቀመጥም ይቻላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወተቱን ለጎረቤትና ለሻይ ቤት የሚሸጠው ገበሬ እዚያ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ወተቱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ብር ያለበት ፖስታ በልጅ እጅ ሲላክ በደንብ መታሸግና ቤተሰቡም አስቀድሞ መስማት አለበት።

ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ለሚያመርቱት የሚሻለው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም የእድሩ ጸሐፊ ነው። የልማት ሠራተኛው ሁሉንም ቤት ያውቃል፣ ፈጣንም ነው። ነገር ግን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚመጣው በእሱ በኩል ስለሆነ ገበሬው መጠይቁን እንደ ትእዛዝ ሊያየው ይችላል፤ ስለ ግብዓት አቅርቦት ከጠየቁ ደግሞ መልሱ የልማት ሠራተኛውን የሚያስደስት ይሆናል። ለማድረስ ይጠቀሙበት፤ ለመሰብሰብ ግን አይጠቀሙበት። ከመሬት አስተዳደር ጋር የሚሠራ ማንኛውም ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ «ስንት ጥማድ አለዎት?» የሚል ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው መሬቱ ሊነካ እንደሆነ ነው። ላኪው ያልታወቀ ብር ሲጨመርበት ጥርጣሬው ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

አማራጮቹ

ብር በፖስታ ውስጥ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። አንድ የ50 ብር ኖት ስልክ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ስም ማመሳከር አይፈልግም፤ ፖስታውን የከፈተው ሰው ዓይን ላይ ያርፋል። ለሴቶችም የተሻለ ነው፤ በብዙ ቤት ስልኩ የተመዘገበው በባል ስም ሲሆን ወተቱንና ጥጃውን የምታውቀው ግን ሚስት ናት። ችግሩ ያለው በመንገድ ላይ መጥፋቱና የሒሳብ ክፍል ማስረጃ መጠየቁ ነው። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፤ ከታች እንመለስባቸዋለን። ፖስታው ከሁለት እጅ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ግን ብር አይጨምሩበት።

ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ብዙዎቹ ለምደውታል። ስማርት ስልክ የሌለውም በ*127# ይጠቀምበታል። ጥቅሙ ማን መቼ እንደተቀበለ በማስረጃ መያዙ ነው፤ ሒሳብ ክፍል ይወደዋል። ጉዳቱም ያው ነው፤ «ስሜን አንጽፍም» ብለው በስሙ በተመዘገበ ስልክ ገንዘብ ከላኩለት ገበሬው ልዩነቱ ይገባዋል። ሌላው ትልቅ ችግር ሳይታሰብ የመጣ ገንዘብ ማስደንገጡ ነው። «በስህተት ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች ስላሉ፣ ምንነቱ ያልታወቀ 50 ብር የገባለት ሰው ወይ ይፈራል ወይ ቀጣዩን ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ዛሬ ስልክ ተደውሎ ይነገረዋል፣ ነገ ወረቀቱ በእጁ ይገባል፣ በዚያው ቀን ገንዘቡ ይላካል። ቁጥሩን ካስገቡ በኋላ ከመላክዎ በፊት የሚታየውን ስም ከዝርዝርዎ ጋር ያመሳክሩ። ስሙ ካልገጠመ አይላኩ፤ ደውለው ያጣሩ።

የሞባይል ካርድ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። የተፋቀ አለመሆኑ በዓይን የሚታይ፣ በደብዳቤው ላይ በስቴፕለር የሚያያዝ፣ ከብር ይልቅ በመንገድ ላይ ብዙ የማያጓጓ ነገር ነው። ወጣት ገበሬዎች ይወዱታል፤ አዛውንቶች ለልጃቸው ይሰጡታል፤ ያም ቢሆን መጥፎ አይደለም፤ ምክንያቱም ወረቀቱን አንብቦ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ያው ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ የኢትዮ ቴሌኮም ካርድ ለሳፋሪኮም መስመር አይሆንም። የመስመሩን ዓይነት ከስልክ ቁጥሩ መጀመሪያ ይለዩ፤ 09 የኢትዮ ቴሌኮም፣ 07 የሳፋሪኮም ነው።

ዕቃ፣ ማለትም ሳሙና፣ ስኳር፣ ለከብት የሚላስ ጨው፣ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። 400 ኪሎ ስኳር በባጃጅ ማዞር ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ ከላይ እንዳየነውም ውጤቱ ከገንዘብ ግማሽ በታች ነው። ገንዘብ መስጠት እንደ ነውር በሚታይበት ቤት፣ ለምሳሌ ለሃይማኖት አባቶችና ለመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ዕቃው ይመረጣል። ሌላ ቦታ ላይ አንመክረውም።

ዕጣ ማውጣት ይቅር። ከሃይማኖቱ አንጻር የማይቀበለው ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ብዙ ነው፣ ያልደረሰውም «ለዘመዳቸው ሰጡት» ይላል። ሲመልሱ ይከፈላል የሚለውንም ከላይ ባልነው ምክንያት እንዘለዋለን፤ በጀት አጽዳቂው አስቀድሞ መክፈልን ፈጽሞ ካልፈቀደ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ያኔም ክፍያው መጠይቁ በተመለሰ በማግስቱ ይሁን። ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ለትምህርት ቤት ወይም ለእድር መስጠት የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይመልሳል ብሎ ስለሚቀመጥ መጠይቁን አያንቀሳቅስም።

ስንት ብር? ሒሳቡ

ብዙ መስጠት ብዙ መላሽ አያመጣም። በተቋራጮቹ ሙከራ በቼክ 20 ዶላር የተላከላቸው ከመቶ 79 ሲመልሱ፣ 40 ዶላር የተላከላቸው 69 ብቻ ነበሩ። መጠኑ ሲበዛ ስጦታነቱ ይጠፋና ዋጋ ይሆናል፤ እኛ አካባቢ ደግሞ «ይህን ያህል የሚሰጡት ምን ፈልገው ነው?» ያስብላል።

መጠኑን ለመወሰን የሚጠቅመው ያልመለሰውን ገበሬ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመጠየቅ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ 400 ገበሬዎች አሉ እንበል። አንዱን ፖስታ ማተምና ማድረስ 60 ብር፣ አንዱን ያልመለሰ ሰው በሞተር ሄዶ ማነጋገር 400 ብር ይፈጃል እንበል።

ምንም ሳይሰጡ ከመቶ 30 ቢመልሱ፣ ማድረሻው 24,000 ብር፣ የቀሩትን 280 ሰዎች መጎብኘት 112,000 ብር፣ በድምሩ 136,000 ይሆናል። 50 ብር ጨምረው ከመቶ 45 ቢመልሱ፣ ማድረሻው 44,000፣ የ220 ሰዎች ጉብኝት 88,000፣ ድምሩ 132,000 ነው። 100 ብር ሰጥተው ከመቶ 50 ቢመልሱ ደግሞ 64,000 እና 80,000፣ ድምሩ 144,000። መቶው ብር ተጨማሪ 20 መላሽ አምጥቶ 12,000 ብር አስወጣ። ሲመልሱ መቶ ብር እንከፍላለን ብለው ከመቶ 35 ቢመልሱም 142,000 ላይ ነው የሚያርፈው።

ከዚህ የሚወጣው መለኪያ ቀላል ነው፦ ማበረታቻው ያመጣል ብለው የሚገምቱትን ጭማሪ በአንድ ጉብኝት ወጪ ያባዙ። ጭማሪው ከመቶ 15፣ ጉብኝቱ 400 ብር ከሆነ ውጤቱ 60 ብር ነው፤ ከ60 ብር በታች የሆነ ስጦታ ያዋጣል፣ ከዚያ በላይ የሆነው አያዋጣም። መንደሩ ሩቅ ሆኖ ጉብኝቱ 800 ብር ከሆነ እስከ 120 ብር ይችላሉ። ያልመለሰውን ጭራሽ የማይጎበኙ ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ያኔ የሚከፍሉት ለመረጃው ጥራት ነው፣ ይህንንም ለበጀት ሰጪው በግልጽ ይንገሩት።

የተለያየ መጠን መሞከር ከፈለጉ መጠኑን በመንደር ይከፋፍሉ እንጂ በሰው አይከፋፍሉ። በአንድ የወተት ወረፋ ላይ አንዱ 50፣ ሌላው 100 ብር ማግኘቱ እስከ ምሳ ሰዓት ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ 50 ያገኘው አይመልስም። ይህ ሲሆን ግን በርካታ መንደሮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለት መንደር አወዳድሮ መደምደም አይቻልም።

ፖስታው ሲዘጋጅ

የሚሻለው ወፍራም ካኪ ፖስታ ነው። ነጩ ስስ ፖስታ ብርሃን ላይ ሲያዝ ብሩን ያሳያል። በውስጡ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ በሁለት ወረቀት ፊትና ኋላ የታተመ አራት ገጽ መጠይቅ፣ ቁጥር ያለው የመመለሻ ፖስታና እስክሪብቶ ይግባ። እስክሪብቶው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በገበሬ ቤት ግን የሚጽፍ እስክሪብቶ ፍለጋ ወረቀቱን ለነገ ያሳድረዋል፣ ነገ ደግሞ ይረሳል።

ብሩ አዲስ ኖት ይሁን፤ ከባንክ አስቀድመው ይጠይቁ። በደብዳቤው መሐል ታጥፎ፣ ጥግ ላይ በአንድ አግራፍ ይያዝ። ልቅ ሆኖ ከገባ ፖስታው ሲቀደድ አብሮ ይቀደዳል ወይም መሬት ወድቆ ሳይታይ ይቀራል። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው አጭር ነው፦

«ክቡር/ክብርት አርሶ አደር፣ ይህ 50 ብር ለሚሰጡን ጊዜ ምስጋና ነው። መጠይቁን ባይሞሉም ብሩ የእርስዎ ነው፤ አይመለስም። ጥናቱ ለመሬት ልኬታ፣ ለግብርም ሆነ ለካሳ አይውልም። ስምዎን አይጻፉ። ያልገባዎት ነገር ካለ ሚስኮል ያድርጉልን፣ እኛ እንደውላለን።»

«ባይሞሉም ብሩ የእርስዎ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አይቀነስ። እሱ ከጠፋ ገበሬው እንደ ዕዳ ያየውና ብሩን ከነፖስታው መልሶ ይልካል። «የሻይ» ወይም «አበል» ብለው አይጻፉ፤ የመጀመሪያው ጉቦ ያስመስለዋል፣ ሁለተኛው የስብሰባ ክፍያ ስለሚመስል መጠኑን ያስከራክራል። ስለ ካሳና ግብር የተጻፈው እውነት ካልሆነ ደግሞ ጥናቱን አይጀምሩት።

ቋንቋው በአንድ በኩል አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በሌላ በኩል አማርኛ ይሁን። አብዛኛው የዚህ አካባቢ ገበሬ ቤት ውስጥ የሚያወራው በኦሮምኛ ነው፣ ልጆቹም የሚማሩት በቁቤ ነው። ጥያቄዎቹን የ7ኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብሎ ለአባቱ እንደሚያነብ አድርገው ይጻፉ። ለመሬት ጥማድ ወይም ቀርጥ፣ ለምርት ኩንታል፣ ለወተት ሊትር ይጠቀሙ፤ ወደ ሄክታር የሚቀይሩት እርስዎ ነዎት። ማዳበሪያው ኤንፒኤስ ከሆነ ቢቆይም ብዙ ሰው አሁንም «ዳፕ» ይለዋል፤ ሁለቱንም ስም ይጻፉ። የማሳውን ቦታ ስም፣ አዋሳኝ ወይም ጂፒኤስ አይጠይቁ፤ ይህ አንድ ጥያቄ የሌሎቹን ሁሉ መልስ ያስቀርብዎታል።

ጊዜው ከጥምቀት በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ቢሆን መልካም ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እርሻና አረም ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የወተት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ መሰብሰቢያው ላይ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል።

ፖስታው ከደረሰ ከሳምንት በኋላ ለሁሉም የምስጋናና የማስታወሻ መልእክት ወይም ስልክ፤ በሦስተኛው ሳምንት ላልመለሱት ሁለተኛ ወረቀት፣ ያለ ብር። በሁለተኛው ዙር ብር መጨመር ቀድሞ የመለሰውን ይበድላል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሁሉም ሁለተኛውን ዙር እንዲጠብቅ ያስተምራል።

ከሒሳብ ክፍል ጋር

ብዙ ጥሩ ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ክፍል «የተቀባይ ፊርማ ያለበት ዝርዝር» ይላል። ገበሬው ስሙ አይጻፍም በተባለበት ወረቀት ምክንያት ስሙ በተጻፈበት ዝርዝር ላይ ሲፈርም ግን ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። መፍትሔው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መስማማት ነው፦ ብሩ ሲታሸግ ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ከፖስታ ቁጥር 001 እስከ 400 እያንዳንዳቸው 50 ብር እንዳለባቸው በቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ፣ አድራሹ የተረከበውን የፖስታ ብዛት ፈርሞ ይወስዳል፣ ያላደረሰውን ቆጥሮ ይመልሳል። ማስረጃው ይህ ይሆናል።

የስም ዝርዝሩና የፖስታ ቁጥሩ የሚገናኙበት ወረቀት አንድ ብቻ ይሁን፤ ከተመለሱት መጠይቆች ተለይቶ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ማስታወሻው ሲያበቃ ይወገድ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ መልካም ልማድ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል። ስልክ ቁጥር የሚይዝ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይገባል።

አድራሹን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ፖስታ የሚገባውን ክፍያ ይክፈሉት፤ በነፃ ያሠሩት ሰው ብር ያለበት ፖስታ ይዞ እንዲዞር መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ከዚያ ከየመንደሩ አምስት አምስት ሰው ላይ ደውለው «ፖስታው ታሽጎ ደረሰ? ውስጡ ስንት ነበረ?» ብለው ይጠይቁ፤ አድራሹም ይህ እንደሚደረግ ከመጀመሪያው ይወቅ። ከአንድ መንደር ሁለት ሰው «ብር አልነበረበትም» ካለ የዚያን መንደር ሥርጭት ያቁሙና የቀሩትን በቴሌብር ይጨርሱ።

ሳይደርሱ የተመለሱት ፖስታዎች፣ ሰውየው ሞቶ፣ ቦታውን ለቆ ወይም አልፈልግም ብሎ ሊሆን ይችላል፣ በእነዚያው በቆጠሩት ሁለት ሰዎች ፊት ይከፈቱ፤ ብሩ በቁጥር ወደ ባንክ ይመለስ፤ ያልደረሰበት ምክንያት በፖስታው ቁጥር ጎን ይጻፍ። ቦታውን ለቆ የሄደና አልፈልግም ያለ ሰው በአንድ ረድፍ «አልመለሰም» ተብለው አይመዝገቡ። የመጀመሪያው ከናሙናው ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን በናሙናው ውስጥ ይቆያል፣ የመላሾች መጠን ሲሰላም ይቆጠራል።